በስልክ የተገዛችው ፒካፕ

«ዕድሜ ልኳን ስልክ ስታነሳ የኖረች ሴት ስለ መኪና ምን ታውቃለች? ከመኪና ጋር ያላት ዝምድና አሎ ማለት ብቻ ነው።»

ይህን ያለው ጋሼ የምትለው ታላቅ ወንድሟ ነው፤ ያለውም ለሚስቱ እንጂ ለእሷ አልነበረም። ነገር ግን ሁለቱን ክፍሎች የሚለያቸው ግድግዳ ችፑድ ስለሆነ፣ እዚያ የተባለ ነገር ሁሉ እዚህም እንደተባለ ይቆጠራል። ሚስትየው ሳቀች፤ ከሳቋ ቀጥሎ የሻይ ማንኪያ ብርጭቆ ሲመታ ተሰማ። «ቀስ በል እንጂ፣ ትሰማሃለች።» «ትስማ! ለራሷ ብዬ ነው። በዚያ ገንዘብ ጣሪያው ይታደሳል፣ የተረፈው ባንክ ይቀመጣል። አሁን ለዚያ ልጅ መጫወቻ ልትገዛለት ነው እኮ!» «ያ ልጅ» የተባለው ታናሽ ወንድማቸው ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ፀጉሩም ከግንባሩ ሸሸት ማለት ጀምሯል። እሷ በዚህኛው ክፍል አልጋዋ ጫፍ ላይ፣ አንድ እግሯን ካልሲ አልብሳ የሌላውን በእጇ እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ጥግ ላይ፣ ጣሪያው በሚያፈስበት በኩል፣ ባልዲ ተቀምጧል። ያደረ ዝናብ ከጣሪያው ጠብ ሲል ባልዲው እንኳ «እውነቱን ነው፣ እውነቱን ነው» እያለ የወንድሟን ሐሳብ የሚደግፍ መሰላት። ካልሲዋን አጥልቃ ተነሳች።

ሰው ሁሉ ጣቢያ ነው የሚላት። ስሙን ያወጡላት ሾፌሮች ናቸው። የተበላሸ መኪና ከመንገድ ላይ እየጎተተ ጋራዥ የሚያደርስ አንድ ድርጅት ውስጥ፣ ደረጃ ሥር ባለች፣ መስኮቷ ከጎረቤት ሕንፃ ግድግዳ ጋር በተፋጠጠች ጠባብ ክፍል ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ስልክ አንስታለች። መኪናው መንገድ ላይ የቆመችበት ሰው ሲደውል መጀመሪያ የሚሰማው የእሷን ድምፅ ነው። «የት ነህ? ምን ይታይሃል?» ትለዋለች። የደነገጠ ሰው የሰፈር ስም አይመጣለትም፤ ዓይኑ ሥር ያለውን ነገር መናገር ግን አያቅተውም። የተቆረጠ ዛፍ፣ መስኮቱ የተሰበረ ሱቅ፣ በረንዳ ላይ የተሰጣ ምንጣፍ፤ ይህ ይበቃታል። ከዚያ በየመንገዱ ከተበተኑት ሾፌሮች በጣም ለቀረበው ትደውልና ታስታውቀዋለች። ከተማውን በሙሉ ያወቀችው እንዲህ በጆሮዋ ነው። አንዱንም ቦታ ግን ሄዳ አላየችውም። ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ቤት፤ አንድ አውቶቡስ፣ አንድ መስመር።

ከሁለት ወር በፊት የድርጅቱ ባለቤት ስልክ የሚያነሳ ማሽን አስገባ። እሷን የአገልግሎት ክፍያዋንና የድርጅቱ ስልክ ቁጥር የታተመበት የግድግዳ ሰዓት ሰጥቶ አሰናበታት። ታናሽ ወንድሟ እዚያው ቤት የቁጥር ሰባት መኪና ሾፌር ነበር። የዚያኑ ዕለት ማንም ሳይጠይቀው ገብቶ ቁልፉን ባለቤቱ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠና ወጣ። ለባለቤቱም ምንም አላለው፤ ለእሷም ምንም አላላትም። እሷም እስከ ዛሬ አመሰግናለሁ አላለችውም። ነገሩን ለመናገር ከየት እንደሚጀመር ሁለቱም ስላላወቁ፣ በእሱ ፈንታ ስለ ፒካፕ ማውራት ጀመሩ። ያገለገለች፣ በናፍታ የምትሄድ፣ ኋላዋ መጎተቻ ያላት ፒካፕ። እሱ ይነዳል፣ እሷ ስልክ ታነሳለች። ክፍያዋና ያጠራቀመችው ተደምሮ አራት መቶ ሃያ ሺህ ነው፤ እሱ ካለቀ ሌላ የለም። መኪናዋ ደህና ከሆነች ሁለቱም ይኖሩባታል። ሞተሯ የደከመ ከሆነ ግን ጋሼ ያለው ሁሉ እውነት ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ ከችፑዱ ማዶ የሚባለውን ሁሉ አንገቷን ደፍታ ስትሰማ መኖሯ ነው።

በሳሎኑ ስታልፍ ጋሼ ጋዜጣውን ከፍ አደረገ። የትምህርት ቤት ምክትል ርዕሰ መምህር ነው፤ ሲያፍር ማንበብ ይወዳል። ሚስቱ ዳቦ ላይ ማርማላታ እየቀባች፣ «ቁርስ አትቀምሺም?» አለቻት። «በልቻለሁ።» እንዳልበላች ሦስቱም ያውቃሉ። ጠረጴዛው ላይ አንድ ያልተነካ ብርጭቆ ሻይ ነበር፤ ለእሷ ተቀድቶ የቀዘቀዘ ይሆናል፣ እንጃ። በሩን ስትከፍት ከጋዜጣው ጀርባ፣ «ብርድ ነው፤ ሹራብ ደርቢ» የሚል ድምፅ መጣ። ተመልሳ ሹራብ ደረበች። ከጋሼ ጋር ደህና አድርጎ መጣላት የማይቻለው በዚህ በዚህ ነው።

ታናሽየው ከደላላው ጋር መንገዱ ጥግ ላይ ይጠብቃት ነበር። ደላላው አጭር፣ ጫማው እንደ መስታወት የሚያበራ፣ አፉ የማያርፍ ሰው ነው። «እመቤቴ፣ ዛሬ የማሳይዎት መኪና አይደለችም፣ ሙሽራ ናት!» ብሎ ቀድሟቸው ሄደ። ሙሽራዋ አንድ የመለዋወጫ ሱቅ በር ላይ ቆማለች። እውነትም ነጭ ናት። ጎማዎቿ ጥቁር ቅባት ተቀብተዋል፣ ወንበሮቿ ላስቲካቸው አልተነሳም፣ መስታወቷ ላይ የጣት አሻራ እንኳ የለም። ሻጩ ባለ ጥቁር መነጽር ነው፤ ሞተሩን አስነስቶ ነበር የጠበቃቸው። «አሁን ነዳጅ ቀድቼ መመለሴ ነው፤ በትኩሱ አገኛችኋት፤» አለ። ዋጋዋ አራት መቶ ሰማንያ ሺህ ነበር። ደላላው ሁለት ጊዜ ጆሮው ላይ ካንሾካሾከለት በኋላ «ለእናንተ ስል» አራት መቶ ሃያ ሆነ። ኪሳቸው ውስጥ ያለው ልክ ይኸው እንደሆነ ለሻጩ ማን ሹክ እንዳለው መጠየቅ አያስፈልግም። ታናሽየው ግን ይህንን ሁሉ አልሰማም። መኪናዋን ሁለት ጊዜ ዞራት፣ በሯን ከፍቶ ዘጋ፣ መጎተቻዋን በእግሩ መታ መታ አደረገ፣ ጭቃ መከላከያዋን እንደ ፈረስ ጭን ዳበሳት። ፊቱ ላይ ከሁለት ወር ወዲህ ያላየችው ብርሃን በርቷል። «እታለም፣ ይቺ እኮ ናት!» አላት።

እሷ ኮፈኑ ፊት ቆማ አዳመጠች። ጩኸት ነው። በቃ፣ ጩኸት። ከአጠገቧ ሦስት ወንዶች ፊቷን ያያሉ። ሌሊቱን ሙሉ አልጋዋ ላይ ሆና ልሰማው ነው፣ አውቀዋለሁ ስትል አድራለች፤ አሁን ግን ይኸው፣ የሚሰማት እንደ ወፍጮ ቤት የሚያደነቁር ነገር ነው፤ መጨረሻም መጀመሪያም የለው። ጋሼ እውነቱን ነው፣ አለች በልቧ። ከመኪና ጋር ያለኝ ዝምድና አሎ ማለት ብቻ ነው። ይህችን ቃል ለሁለተኛ ጊዜ በውስጧ ስትደግማት ግን አንድ ነገር ብልጭ አለላት። ሞተርን ያለ ስልክ አዳምጣ አታውቅም።

«ቆይ፣ መጣሁ፤» ብላ መንገዱን ተሻገረች። ማዶ አንድ ጫማ የሚሰፋ ሰው ግድግዳ ተጠግቶ ተቀምጧል። ከእሱ አለፍ ብላ ግንቡ ዞር ያለበት ጋ ገባች። መኪናዋ አትታይም። ስልኳን አውጥታ ደወለች።

«አሎ።»

«እታለም? የት ሄድሽ?»

«ማዶ ነኝ። ስልኩን ሞተሩ ጋ አስጠጋልኝ።»

«ምን?»

«አስጠጋልኝ አልኩህ። ትንፍሽ እንዳትል።»

ያ የሚያደነቁር ጩኸት በስልኩ ቀዳዳ አልፎ ጆሮዋ ሲደርስ ቀጭን፣ ትንሽ፣ በመዳፍ የሚያዝ ነገር ሆነ። ይህንን ድምፅ ታውቀዋለች! የጉተታ ሾፌር ሲደውል ሞተር አያጠፋም፤ ስለዚህ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሾፌሮቹ ቃል ሁሉ የመጣላት ከሥሩ ሞተር እያንኳኳ ነው። ቁጥር ሦስትን ከቁጥር ሰባት የምትለየው ሾፌሩ አፉን ሳይከፍት ነበር። አንድ ጊዜ ለቁጥር አራት ሾፌር፣ «መኪናህ ዛሬ ታነክሳለች» አለችው። ሳቀባት። ባለቤቱም ሰምቶ ሳቀ። በዐሥራ ሁለተኛው ቀን የቁጥር አራት ሞተር አውቶቡስ እየጎተተ ዳገት ላይ ፈነዳ። ከዚያ በኋላ ጧት ጧት ሾፌሮቹ ከመውጣታቸው በፊት «ጣቢያ፣ እስቲ ስሚልኝ» እያሉ ስልካቸውን ኮፈን ሥር ይሰዱላት ጀመር። ስንት ሞተር በእሷ ጆሮ ተረፈ! ባለቤቱ ይህንን አላወቀም፤ ማሽን ሲያስገባም አልጠየቀም። እሷም ሥራዬ ነው ብላ አላወራችውም፤ አንድ ሰው ሲያስነጥስ ይማርህ እንደማለት ያለ ነገር ነበር የሚመስላት።

ዓይኗን ጨፈነች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ከዚያ አራተኛው ትንሽ ዘግየት ይላል። ልክ ጫማው እንደጠበበው ሰው። «አጥፋና እንደገና አስነሳት።» አጠፋ፤ አስነሳ። ያው ናት። «ይቺ ቁጥር አራት ናት፤» አለችው።

ታናሽየው ያንን ቀን አይረሳውም፤ ቁጥር አራትን ከዳገቱ ላይ ጎትቶ ያወረዳት እሱ ነው። «እርግጠኛ ነሽ?» አላት፤ ድምፁ የተነጠቀ ሰው ድምፅ ነው። «ታነክሳለች አልኩህ።» ተሻግራ ስትመለስ ሞተሩ እየሠራ ኮፈኑን ከፍቶ የዘይቱን መክደኛ ፈትቶ ነበር። መክደኛውን ገልብጦ እዚያው ቀዳዳው ላይ አስቀመጠው። ደህና ሞተር ላይ መክደኛው ዝም ብሎ ይቀመጣል። ይህኛው ግን እንደ ፈላ ማንቆርቆሪያ ክዳን ዘለለ፣ ዘለለና መሬት ወደቀ፤ ከቀዳዳው ጢስ ቡልቅ ቡልቅ አለ። ባለ መነጽሩ መነጽሩን አወለቀ። ያለ መነጽር ሲያዩት ደግሞ ያን ያህልም ክፉ ሰው አይመስልም፤ ቸግሮት የሚሸጥ ሰው ነው የሚመስለው። ደላላው እጁን አጨበጨበ። «ሰው በስልክ መኪና ሲገዛ ዛሬ ገና አየሁ!»

«መች ገዛን?» አለችው።

መንገዳቸውን ቀጠሉ። ታናሽየው አንድ ጊዜ ብቻ ዞር ብሎ ነጯን መኪና አያት። ደላላው ሲያስብ ቆየና፣ «ጆሮዎ እንዲህ ከሆነ አንድ የማሳይዎት አለች። መልኳን ግን አይጠይቁኝ፤» አለ። የወሰዳቸው ዳገት አናት ላይ ወዳለ አንድ ግቢ ነው። ባለቤቱ ሕንፃ ለሚሠሩ ሰዎች ውሃ የሚያመላልስ ሽማግሌ ነው፤ ሰባት ልጆች ያሳደገው በዚህች ፒካፕ የሚጎተት ባለ ሁለት ጎማ የውሃ ታንከር ይዞ ነው። አሁን ዓይኑ ስለደከመ መንዳት አቁሟል። መኪናዋ በአንድ ወቅት አረንጓዴ ነበረች ይባላል። የግራ በሯ የእሷ ነው፤ የቀኙ ከሌላ መኪና የመጣ ቀይ ነው። አንዱ መስታወቷ በእንጨት ሽብልቅ ተደግፎ ቆሟል፣ ሬዲዮ የነበረበት ቦታ ባዶ ጉድጓድ ነው፣ ጭቃ መከላከያዋን ዝገት ዙሪያውን እንደ ብስኩት በልቶታል። የሚያበራ ነገር ቢኖራት ኋላዋ ያለው መጎተቻ ብቻ ነው። ከመጎተት ብዛት ብረቱ እንደ ብር ማንኪያ ነጥቷል። ታናሽየው አይቷት የታችኛውን ከንፈሩን ነከሰ።

ሽማግሌው ግቢው በር ላይ ከተቀመጠበት ወንበር አልተነሳም። «ከትናንት ጀምሮ አልነካኋትም፤» አለ። «ኮፈኑን ዳብሱት። ሞቃ የጠበቀቻችሁን መኪና አትግዙ፤ ሰውየው ያሞቃት ሲቀዘቅዝ ስለማትነሳ ነው።» ታናሽየው ዳበሰ፤ ቀዝቃዛ ነው። ጣቢያ ምንም ሳትል መንገዱን ተሻግራ ከአንድ የቆሻሻ ማጠራቀሚያ ኋላ ቆመችና ደወለች። ቁልፉ ሲዞር ሰማችው። ሞተሩ አንድ ጊዜ ሳለ። ሁለተኛ ጊዜ ሳለ። ከዚያ እንደ ጎረምሳ ሳይሆን፣ ሌሊት ሲነሳ ቤተሰቡን ላለመቀስቀስ ቀስ ብሎ እንደሚራመድ አባት ተነሳ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። የሚዘገይ የለም፣ የሚቸኩል የለም። እንዲህ ያለ ድምፅ ሰምታ አታውቅም። የድርጅቱ መኪናዎች እያንዳንዳቸው አንድ ነገር ይጎድላቸው ነበር።

«አሎ? እታለም? አለሽ?»

«አለሁ።»

«ምነው ዝም አልሽ?»

«ተወኝ እስቲ፣ ልስማበት።»

ቀሪው ፈተና መጎተት ነበር። ታንከሩን ውሃ ሞልተው ከኋላዋ አያያዙላትና ታናሽየው ቁልቁል ወርዶ እንዲመለስ ተስማሙ። ስልኩን ሳይዘጋ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ከጎኑ ወንበር ላይ ጣለው። ጣቢያ ስልኳን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ሽማግሌው አጠገብ ቆመች፤ ሽማግሌው ደግሞ ያለ ስልክ፣ ፊቱን ወደ ዳገቱ መልሶ ያዳምጥ ነበር። ሲወርድ ሰሙ፣ ሲዞር ሰሙ፣ ታንከሩ ውስጥ ውሃው ሲንቦጫረቅ ሰሙ። ከዚያ ሽቅብ ጀመረ። የሞተሩ ድምፅ እየወፈረ፣ እየወፈረ መጣ።

«አሁን ቀንስ፤» አሉ ሁለቱም። በአንድ ጊዜ ነው ያሉት። ታች ያለው ታናሽየውም ማርሹን ቀነሰ፤ ድምፁ ተስተካከለ። ሽማግሌው የደከሙ ዓይኖቹን ወደ እሷ አዞረ።

«ማን ናት ይቺ ሴት?» አለ።

«ስልክ ኦፕሬተር ናቸው፤» አለ ደላላው፣ እየሳቀ።

«አትሳቅ፤» አለው ሽማግሌው። «እኔ ይህንን እስካውቅ ሃያ ዓመት ፈጅቶብኛል።»

ዋጋው አራት መቶ አርባ ነበር። እሷ ሳትናገር ሽማግሌው ራሱ አራት መቶ አምስት አደረገው፤ ከዚያ በኋላ ስለ ዋጋ ያወራ የለም። ውሉ በላስቲክ ወንበር ላይ ተጻፈ። ሊብሬው ከአሮጌ ላስቲክ ውስጥ ሦስት ጊዜ ተጠቅልሎ ወጣ። ሽማግሌው ቁልፉን ለታናሽየው ሳይሆን ለእሷ ሰጣትና እጇን አልለቀቀም። «ልጄ፣ ጧት ስትነሳ ሳትሞቅ አትጫኗት። ማታ ደግሞ ከሥራ እንደገባች ቶሎ አታጥፏት፤ ቆማ ትንሽ ትንፈስ። ሰውም እኮ ከሩጫ እንደገባ አይተኛም። ሌላ የምጠይቅሽ የለም።» እጇን ለቀቃት፤ ቆየና፣ «አንድ ነገር ብቻ። አልፎ አልፎ ደውይና አሰሚኝ፤» አላት።

ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በቀዩ በር በኩል ገብታ ከታናሽ ወንድሟ ጎን ተቀመጠች። በሩ በሁለተኛው መምታት ነው የሚዘጋው። ወንበሩ ጎድጉዷል፣ በመስታወቱ ክፍተት ነፋስ ይገባል፤ ጋሼ ደርቢ ያላት ሹራብ ጠቀማት። ከአውቶቡስ መስኮት የምታየው ከተማ ሁልጊዜ ያው ነበር፤ አሁን ግን የተቆረጠው ዛፍ ይኸው፣ መስኮቱ የተሰበረው ሱቅ ይኸው፣ ሁሉም በየተራ ይመጡላታል። በስም ብቻ የምታውቃቸው ዘመዶች ዛሬ ፊታቸውን እያሳዩአት ይመስል ነበር። ታናሽየው አንገቱን አዘንብሎ፣ መጀመሪያ እየተጠራጠረ፣ በኋላ እየተገረመ ይነዳል። «እታለም፣ መሪዋ እኮ ቅቤ ነው!» አለ። ስለ ነጯ መኪና ዳግመኛ አላነሳም።

ስልኳ ጮኸ። የማታውቀው ቁጥር ነው። «ጣቢያ? ተመስገን፣ አንቺው ነሽ! ዳቦ አከፋፋዩ ነኝ። ቁጥርሽን ከቁጥር ሦስት ሾፌር ወሰድኩ። ያ ማሽን አንድን ይጫኑ፣ ሁለትን ይጫኑ እያለ ግማሽ ሰዓት ሊሆነው ነው፤ እኔ ያለኝ ጣት ዐሥር ብቻ! መኪናዬ ቆማብኛለች።» ድምፁ ሲደርሳት ወገቧ ሳታዝዘው ቀጥ አለ። «የት ነህ? ምን ይታይሃል?» «ከሰማያዊው ቤት በላይ፣ ኩርባው ላይ።» «አትነቃነቅ። መጣን።» ይህችን የመጨረሻዋን ቃል በዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ብላት አታውቅም፤ ሁልጊዜ «መጡልህ» ነበር የምትለው።

ሰማያዊውን ቤት ከማንኛውም ቦታ ይልቅ ታውቀዋለች። ሥራ በጀመረች በመጀመሪያው ሳምንት አንዲት የደነገጠች ሴት ደውላ፣ «እኔ እንጃ፣ አንድ ሰማያዊ ቤት ብቻ ነው የሚታየኝ» ካለቻት ጀምሮ፣ ያ ክፉ ኩርባ ለእሷም ለሾፌሮቹም ሰማያዊው ቤት ነው። ስንት መቶ መኪና ከዚያ አስነስታለች! ቤቱን በሐሳቧ ሁለት ፎቅ ሠርታለታለች፤ በረንዳ አውጥታለታለች፤ ሥራ ሲቀዘቅዝ በረንዳው ላይ ቆማ ቁልቁል ስታይ የምትውልበት ቀን ነበር። መኪናዋ ወደ ኩርባው ስትቃረብ አንገቷን በመስታወቱ አሰገገች።

«የት አለ?» አለች።

«ምኑ?»

«ሰማያዊው ቤት ነዋ!»

ታናሽየው ማርሽ ቀየረ። ከዚያ በአገጩ አሳያት። «ያውልሽ።»

አንድ ፎቅ ነው። በረንዳ የለውም። ቢጫ ነው፤ ያውም የቆየ፣ የጠወለገ ቢጫ።

«ቢጫ ነው እኮ!»

«ከተቀባ ዐሥር ዓመት ሊሆነው ነው።»

«ታዲያ ለምን አልነገራችሁኝም?»

ትከሻውን ነቀነቀ። «ምን ይደረግ? አንቺ ሰማያዊ ካልሽ በኋላ ማን ቢጫ ይለዋል? አዲስ ሾፌር ሲቀጠር እንኳ እዚህ አምጥተን፣ ሰማያዊው ቤት ማለት ይሄ ቢጫው ነው ብለን ነው የምናሳየው። ቀለሙ ሲቀየር አንድ ሰሞን ሾፌሮች ተሰብስበው እንንገራት፣ አንንገራት ተባብለው ነበር። ይቅር ተባለ።» ከዚያም ጨመረበት። «ማንም ተሳስቶ አያውቅማ። አንቺ የላክሽው ሰው ሁሉ ደርሷል።»

የሹራቧን እጅጌ ጎተት ጎተት አደረገች። ከዚያ፣ «ያን ቀን ቁልፉን ስላስቀመጥክ...» ብላ ጀመረች። «ተይው በቃ፣ እታለም፤» አለ ቶሎ ብሎ፤ ጆሮው ግን ቀላ። ያ ሁለት ወር የቆየ ነገር በዚሁ ተባለ፣ አለቀ።

ዳቦ አከፋፋዩ መንገዱ ዳር ቆሞ ሁለት እጁን እያውለበለበ ጠበቃቸው። መኪናው ከታች እስከ ላይ ዳቦ ይሸታል። ፒካፕዋን ሲያያት እጁ አየር ላይ ቀረ። «ይቺ ናት የምትጎትተኝ? እኔ እኮ ሙሉ ጭነት ነኝ!» ታናሽየው የብረቱን ዘንግ ከመጎተቻው ጋር እያያያዘ፣ «አይዞህ፣ እሷ ሰባት ልጅ ያሳደገች ናት፤» አለው። ጣቢያ አስፋልቱ መሐል ወጥታ የሚመጣውን መኪና በእጇ ታሳልፍ ነበር። ስንት ጊዜ በስልክ «አንድ ሰው ወጥቶ መኪና ያሳልፍ» ብላለች፤ ነፋሱ ይህን ያህል እንደሚገፋ ግን ማንም ነግሯት አያውቅም። በዚህ መሐል ስልኳ እንደገና ጮኸ። ጋሼ ነው።

«የት ነሽ?»

ይህንን ጥያቄ ስትጠይቅ ነው የኖረችው፤ ስትጠየቅ ዛሬ የመጀመሪያዋ ነው።

«ሰማያዊው ቤት ጋ።»

«የቱ ሰማያዊ ቤት?»

«ቢጫው።»

ከእሱ ማዶ የሻይ ማንኪያው ድምፅ ይሰማል። «ምንድን ነው እዚያ የሚያጓራው?» አለ በመጨረሻ። ጣቢያ ወደ ፒካፕዋ ተራመደችና ስልኩን ኮፈኑ ላይ አስጠጋችው፤ እስከ ሃያ ቆጠረች። መልሳ ጆሮዋ ላይ ስታደርገው የዘጋው መስሏት ነበር፤ አልዘጋውም። ሲተነፍስ ይሰማታል።

«እኔ ስለ ሞተር አላውቅም፤» አለ ጋሼ።

«አውቃለሁ።»

«በስልክ ሲሰሙት ግን... ደህና ይመስላል።»

«ደህና ነው፣ ጋሼ።»

«ጧት...» አለና ተወው። ጉሮሮውን ጠረገ። «እራት ላይ ያንን ልጅ ይዘሽው ነይ። እንጠብቃችኋለን።»

«እንሂድ?» ብሎ ታናሽየው ከውስጥ ጮኸ። ገብታ ቀዩን በር ሁለት ጊዜ መታችው። ስልኩን ልትዘጋው አውራ ጣቷን አነሳች፣ ቆይታ ተወችው፤ ሳትዘጋ ሬዲዮው በነበረበት ባዶ ጉድጓድ ውስጥ አቆመችው። ልክ ለእሱ የተሠራ ይመስል ገጥሞ ተቀመጠ። ዘንጉ ተወጠረ፤ የዳቦው መኪና ከኋላ ንቅንቅ አለ፤ ፒካፕዋ አፍንጫዋን ወደ ዳገቱ አቅንታ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት እያለች መውጣት ጀመረች። ቢጫው ቤት በቀስታ ወደ ኋላ ቀረ። ዳገቱ ወገብ ላይ የሞተሩ ድምፅ ሲወፍር ከጉድጓዱ ውስጥ የጋሼ ቀጭን፣ የተደናገጠ ድምፅ ወጣ። «ቀስ በሉ! ቀስ በሉ እንጂ!»

«ማን ነው?» አለ ታናሽየው፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ።

«ጣቢያ፤» አለችው።